ሮበርት ዊላን

ሮበርት ዊላን (ኖቬምበር 12 ቀን 1757 – ኤፕሪል 7 ቀን 1812 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን የቆዳ በሽታዎችን በሚታይ ምልክታቸው መድቦ ወጥ ስያሜ በመስጠቱ ይታወቃል። የተወለደው በዮርክሻየር፣ ሴድበር አቅራቢያ፣ ከኩዌከር ቤተሰብ ነው። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1780 ተመረቀ። በ1783 ወደ ለንደን ሄዶ ኬሪ ስትሪት በሚገኝ የድሆች ክሊኒክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠራ።

ከእርሱ በፊት የቆዳ በሽታ ስሞች የተዘበራረቁ ነበሩ። ጣሊያናዊው ጂሮላሞ መርኩሪያሌ በ1572 ባሳተመው መጽሐፍ በሽታዎቹን በራስ ላይ የሚወጡና በቀረው ሰውነት ላይ የሚወጡ ብሎ ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። ነገር ግን አንዱ በሽታ ራስም ላይ ክርንም ላይ ሊወጣ ስለሚችል በቦታ ብቻ ሲመደብ ሁለት ስም ያገኛል። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ፕሌንክ በ1776 በመልክና በቅርጽ መደባቸው። ዊላን ይህንኑ መንገድ አጥርቶ በሽታዎቹን በስምንት ክፍሎች አጠቃለለ፤ እነዚህም ጥቃቅን ጠጣር እብጠት፣ ቅርፊት፣ የቆዳ መቅላት፣ ትልቅ ውሃ የቋጠረ፣ መግል የያዘ፣ ትንሽ ውሃ የቋጠረ፣ ትልቅ ጠጣር እባጭና የቀለም ለውጥ ናቸው። ለዚህ ሥራው በ1790 ከለንደን የሕክምና ማኅበር የፎዘርጊል የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

የሰውነት ቦታን ግን ጨርሶ አልተወም፤ ሁለተኛ ደረጃ ሰጠው እንጂ። ለምሳሌ ሶሪያሲስ የሚለውን ስም ካስቀደመ በኋላ የመዳፍ፣ የከንፈር፣ የዐይን እያለ ቦታውን በላቲን ቅጽል ይጨምር ነበር።

አንዱ ስያሜው ግን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። ዛሬ ሶሪያሲስ የሚባለውን በሽታ ከፊሉን ሌፕራ ብሎት ስለነበር ከሥጋ ደዌ ጋር ተምታታ (በአማርኛም ለምጽ የሚለው ቃል ተመሳሳይ ችግር አለበት)። ሁለቱን በ1841 የለየው የቪየናው ፈርዲናንድ ሄብራ ነው።

ዋና መጽሐፉ ከ1798 ጀምሮ በክፍል በክፍል፣ በቀለም ሥዕሎች ታጅቦ ወጣ። ሥዕሎቹ ከቃላቱ እኩል ጠቅመዋል፤ ሌላ አገር ያለ ሐኪም የትኛው ቃል የትኛውን ሽፍታ እንደሚያመለክት በዐይኑ ማየት ችሏልና። በ1808 የታተመው ጥራዝ ከስምንቱ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ብቻ ይዟል። ዊላን ጤናው ስለታወከ ወደ ማዴይራ ደሴት ሄዶ ሥራውን ሳይጨርስ እዚያው አረፈ። ተማሪው ቶማስ ቤትማን በ1813 ስምንቱንም ክፍሎች የያዘ አጭር መጽሐፍ አሳተመ፤ ሎራን ቢየት ደግሞ ዘዴውን ወደ ፓሪሱ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ወሰደው።