ዐፄ ቴዎድሮስ፥ መድፋቸውና መንገዳቸው

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ ጀግንነታቸው፥ ስለ ቁጣቸውና ስለ አሟሟታቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ግን ሕይወታቸውን በአንድ ነገር በኩል፥ ይኸውም በመድፍ በኩል፥ ለመመልከት አስበናል። ለዚህም ያነሣሣን ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከወጣትነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የንጉሠ ነገሥቱን ሐሳብ እንደ መድፍ የያዘው ነገር ጥቂት በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የታሪኩ ፍጻሜ የሆነው በሩቅ አገር ሳይሆን ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በዚሁ በደቡብ ወሎ ደጋ፥ በተንታ ወረዳ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ስለ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፥ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ፤ የልጅነት ስማቸውም ካሣ ነበር። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናትና ልጅ በችግር ላይ ወደቁ። ካሣም ለትምህርት ወደ ገዳም ተላኩ፤ ዳሩ ግን ገዳሙ በጦር ስለ ተመታ ትምህርቱ ሳይፈጸም ቀረ። ያ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ይባል ነበር። ንጉሥ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጦ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት፥ ገበሬው ያረሰውን ወታደር የሚበላበት ዘመን ነበር። ካሣም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ተማሩ፤ በኋላም ለብቻቸው ሸፍተው በቋራ በረሃ የራሳቸውን ሠራዊት አበጁ።

ወጣቱ ካሣ ከመድፍ ጋር በጽኑ የተዋወቁት በ1840 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በምዕራብ ጠረፍ ዳባርቂ በተባለ ስፍራ ሠራዊታቸውን ይዘው ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። የግብጽ ወታደሮች በምሽግ ውስጥ ሆነው፥ በሥርዐት ተሰልፈው፥ በመድፍ ተኮሱባቸው። የካሣ ሰዎች በድፍረት ቢገፉም መድፉ እንደ እሸት አጨዳቸው፤ ካሣም ድል ሆኑ። ድፍረት ብቻውን መድፍን እንደማያቆም ያን ቀን በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ለመረዳት ይህን የዳባርቂን ቀን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሽንፈት በኋላ ግን ዕድላቸው ተቃና። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ታላቁን ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቴዎድሮስ ተባለ። በሚከተለው ዓመት ወደ ወሎ ዘመቱ፤ መቅደላንም ያዙ። ከወሎ ወደ ሸዋ ተሻግረው ወጣቱን ምኒልክን ማረኩ። ምኒልክም ከጊዜ በኋላ በመቅደላ ተቀመጡ።

ስለ መቅደላ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ዙሪያው ገደል ነው። ከአጠገቡ ሥላሴና ፋላ የሚባሉ ሁለት ከፍታዎች አሉ፤ ከበታቻቸውም የአሮጌ ሜዳ አለ። ከሜዳው ወዲያ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከዓባይ የሚገናኘው የበሽሎ ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስፍራ ግምጃ ቤት፥ የመሣሪያ ማከማቻና የእስረኞች መጠበቂያ አደረጉት።

አገር አንድ ለማድረግ መድፍ ያስፈልጋል ብለው ያመኑት ንጉሠ ነገሥት መድፍን ከውጭ ለመግዛት በር አልነበራቸውም፤ የባሕሩ ዳርቻ በሌሎች እጅ ነበርና። ስለዚህ በአገር ውስጥ ለማሠራት ቈረጡ። በዚያን ጊዜ ከስዊስ አገር፥ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ማኅበር፥ ወንጌል ለማስተማር የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እነዚህን ሰዎች በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ስፍራ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ የተማሩት ሌላ ሙያ ስለ ሆነ መጀመሪያ አንችልም አሉ፤ የመጀመሪያው ሙከራም ከሸፈ። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ተስፋ አልቈረጡም። ብረት ማቅለጥ የሚያውቀው ሞሪትስ ሃልና ሌሎችም ተጨምረው ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ተሻሻለ። በጋፋት የተሠራው መድፍ ብቻ አልነበረም፤ መድፉ የሚጫንበት ሠረገላም ይሠራ ነበር።

ከውጭ ሰዎች ጋር የተጣሉትም በዚሁ በሙያ ፍለጋ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። ከዓመት በላይ መልስ ስላልመጣ እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በኋላ ለእርቅ የመጣውን ራሳምን ጭምር አሰሯቸው፤ እስረኞቹም ወደ መቅደላ ተወሰዱ።

በ1859 ዓ.ም. ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ተጠናቀቀ። ይህ መድፍ ከነሐስ የፈሰሰ፥ አጭርና አፈ ሰፊ፥ ሞርታር ከሚባለው ወገን ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው፤ ሰባ ቶን እየተባለ የሚነገረው ግን የተጋነነ ነው። ስሙንም ሴባስቶፖል አሉት። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለች የሩሲያ ወደብ ናት፤ በ1847 ዓ.ም. እንግሊዞች፥ ፈረንሳዮችና ቱርኮች ከበዋት ነበር። በዚያ ከበባ ሩሲያውያን መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው በወደቡ አፍ አሰጥመው፥ የመርከቦቹን መድፎች ወደ ምድር አውጥተው በምሽግ ላይ ተከሉ። እንግሊዞችም በበኩላቸው የመርከብ መድፋቸውን ከነመርከበኛው ወደ የብስ አወጡ። ከዚያ ጦርነት በኋላ በኤውሮፓ የመድፍ ሥራ በፍጥነት ተለወጠ። ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ልሙጥ የነሐስ መድፍ እየቀረ፥ በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት፥ ሩቅ የሚመታና ዒላማ የማይስት መድፍ ተተካ። አርምስትሮንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሠራው መድፍ ደግሞ ከበስተኋላው የሚጎርስ ነበር። ስለዚህ ጋፋት ሴባስቶፖልን ባፈሰሰበት ዓመት የዚያ ዐይነት መድፍ ዘመን በሌላው ዓለም እያለፈ ነበር። ይህ ለሠራተኞቹ ነቀፌታ አይሆንም፤ ያለ ፋብሪካና ያለ መሐንዲስ ይህን ማድረሳቸው የሚያስደንቅ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሸፍቶባቸው ነበር። ሴባስቶፖልን ለመሳብ 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። መንገድ ስላልነበረ ድንጋይ እየተፈነቀለ፥ ገደል እየተናደ፥ መንገድ ይሠራ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዋድላ በኩል አልፈው፥ የጅጣን ሸለቆ ወርደው፥ የዳላንታን ሜዳ ተሻግረው፥ እንደ ገና የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የበሽሎን ቁልቁለት የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ያለ አስረጅ ይገባዋል።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወርዶ ነበር። ከህንድ አገር የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩት፤ ከባዱን የአርምስትሮንግ መድፍ የተሸከሙት እነዚህ ናቸው። ከባሕር ኃይሉም መርከበኞች ሮኬታቸውን በበቅሎ ጭነው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። የሚያሳዝነው ነገር፥ ናፒየር በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች የወረደው ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ብለው ባስጠረጉት መንገድ መሆኑ ነው። የሠሩትን መንገድ የሚጠብቅላቸው ሰው አልነበረም። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ለእንግሊዞች መንገድ ሰጡ፤ ዋግሹም ጎበዜ ዝም አሉ፤ በወሎ በኩልም ወይዘሮ መስታወት በስተደቡብ የመሸሻውን መንገድ ዘጉ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በስቅለት ዕለት፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከፋላ ወደ ሜዳው ወረዱ። ከፋላ ላይ የተተኰሰው መድፍ ከከፍታ ወደ ታች ስለ ነበረ ጥይቱ ከጠላት ራስ በላይ አለፈ፤ አንዱ ትልቅ መድፍም ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። የመርከበኞቹ ሮኬትና ከበስተኋላው የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ ግን ሳያቋርጥ ተኰሰ። ወደ 700 የሚሆን ኢትዮጵያዊ ሞተ፤ 1,200 ያህል ቈሰለ። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። ከእንግሊዞች የቈሰሉት 20 ብቻ ሲሆኑ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ። የዳባርቂ ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ በብዙ እጥፍ ተመለሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ የታሰሩትን የውጭ ሰዎች ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉ። የብራና መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ፤ ብዙውም እስከ ዛሬ በባዕድ አገር ነው። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ። ትንሹ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ይህም ትምህርታችንን በዚህ ዓመት የምንፈጽመው የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው።

እንግዲህ ስለ እኚህ ንጉሠ ነገሥት ምን እንላለን? እኛ የወሎ ልጆች ስለ ሆንን ነገሩ ቀላል አይደለም። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሡ፥ ሙያን ከባሕር ማዶ ከመለመን በአገር መትከል ይሻላል ያሉ ሰው ናቸው። ነገር ግን በወሎ ላይ ብዙ ጊዜ ዘምተው አገሩን አቃጥለዋል። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወይዘሮ ወርቂት አገር ሲጠጉ በመያዣነት በእጃቸው የነበረውን የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ ገድለዋል። ከአሮጌ ጦርነት በፊት በነበረው ቀንም ብዙ እስረኞች ከአምባው ወደ ገደል ተወርውረዋል። ከእነዚህ አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መሸሸግ ለታሪክ አይበጅም። እኛ እንደሚመስለን ዐፄ ቴዎድሮስ ድል የሆኑት ሴባስቶፖል አሮጌ ዐይነት መድፍ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። መንገድ ሠርተው ነበር፤ መንገዱ የሚያልፍበትን ሕዝብ ግን አጥተው ነበር።

ይህን የሚያስረዳ ነገር በዚሁ በአገራችን ሆኗል። በመቅደላ ታስረው ያደጉት ምኒልክ ከ28 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ባወጁ ጊዜ ሠራዊቱ እንዲገናኝ ያዘዙት በወረኢሉ ነበር። ወሎም በንጉሥ ሚካኤል፥ በዚያን ጊዜ በራስ ሚካኤል፥ መሪነት ዘመተ። ወደ 40 ከሚጠጋው መድፋቸው አንዳንዱ ሆችኪስ የተባለው ፈጣን ተኳሽ ነበር። የሆችኪስ ፋብሪካ ይህን ዐይነት መድፍ ያሻሻለው ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎችን ከመርከብ ላይ ለመምታት ነው፤ ለተራራም የሚሆን ቀላል ዐይነት ነበረው። የመድፈኞቹም አለቃ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ። በየካቲት 23 ቀን ድል የተገኘው መድፉ ከጋፋቱ ስለ ተሻለ ብቻ ሳይሆን፥ ከመድፉ ኋላ የሸዋ፥ የወሎ፥ የጎጃም፥ የትግሬና የሌላውም አገር ሰው አብሮ ስለ ቆመ ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ። ሳይፈነዳና ሳይሰበር በቦታው ስለ ቆየ የጋፋት ሠራተኞችን ሙያ ይመሰክራል። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ መምህርና ሐኪም የሚሆኑ አሉ። ሙያን በአገር መትከል የዐፄ ቴዎድሮስ ምኞት ነበርና ይህን ምኞት ሳንንቅ እንቀበል። ሕዝብን ያላስከተለ ሙያ ግን ብቻውን እንደሚቀር ይኸው መድፍ ያስተምረናል። መጓዝ የሚችል ሁሉ፥ መምህራንና ወላጆች ጭምር፥ ይህን ስፍራ ሄዶ እንዲያየው እናሳስባለን።