አልቃሹ ነቢይ ኤርምያስና ሁለቱ የበለስ ቅርጫቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን እስከ ጌታችን ልደት ጾመ ነቢያትን የምንጾመው ነቢያት የአዳኙን መምጣት በጾምና በጸሎት ስለ ጠበቁ ነው። ታዲያ ጾማቸውን እየጾምን ሕይወታቸውን ሳናውቅ እንዳንቀር ዛሬ ከመካከላቸው አንዱን፣ ስለ ወገኑ ጥፋት ብዙ እንባ ያፈሰሰውን ኤርምያስን እናስታውስ። የእርሱ ዘመን የፍርድና የምርኮ ዘመን ነበር። ከቀዬ መፈናቀልን፣ ጓዝ ጠቅልሎ መሄድን በዓይናችን ያየን በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምንኖር ሰዎች ይሄ ታሪክ ሩቅ አይሆንብንም።

ኤርምያስ የካህኑ የኬልቅያስ ልጅ ነው። አገሩ ከኢየሩሳሌም ብዙም የማትርቀው፣ በብንያም ነገድ ርስት ያለችው ዓናቶት ናት። እግዚአብሔር ለነቢይነት የጠራው ንጉሥ ኢዮስያስ በነገሠ በ13ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ዓመት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርና መናገር አልችልም ብሎ ፈራ። እግዚአብሔር ግን በእናቱ ማኅፀን ሳይሠራ እንዳወቀው ነግሮ አጸናው (ኤር. 1)። ሚስት እንዳያገባ፣ ልጅ እንዳይወልድ፣ ግብዣ ቤትም እንዳይገባ ታዘዘ። በዚያ አገር በሚወለዱ ልጆች ላይ ከባድ መከራ ይመጣ ነበርና። እስቲ አስቡት፤ ለሚወደው ሕዝብ 40 ዓመት ሙሉ መርዶ ሲናገር የኖረ ሰው ነው!

ሕዝቡ ምን አጠፋ? አንደኛ ፈጣሪውን ትቶ ለበኣል ዐጠነ፤ በሄኖም ሸለቆም ልጆቹን ለጣዖት በእሳት ሠዋ። ሁለተኛ ድሀ አደጉን፣ መበለቷንና መጻተኛውን ጨቆነ። ንጉሥ ኢዮአቄም ቤተ መንግሥቱን ሲያሰፋ የሠራተኞቹን ደመወዝ አልከፈለም ነበር። ይህን ሁሉ እያደረጉ ግን ቤተ መቅደሱ በመካከላችን ስላለ ምንም አንሆንም ይሉ ነበር። ኤርምያስ በመቅደሱ በር ቆሞ አስጠነቀቃቸው። መንገዳቸውን ካላቀኑ ይህም ቤት እንደ ሴሎ ባዶ እንደሚቀር ነገራቸው። ካህናቱና ሐሰተኞች ነቢያት ይህን በሰሙ ጊዜ ሊገድሉት ያዙት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ።

አሁን ደግሞ ስለ ጾም የምትነካንን ነገር ስሙ። በኢዮአቄም 5ኛ ዓመት፣ በ9ኛው ወር፣ ማለት በክረምታቸው ብርድ ላይ፣ በኢየሩሳሌም ጾም ታወጀ። ኤርምያስ ወደ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር ደቀ መዝሙሩ ባሮክ በጾሙ ቀን ቆሞ የነቢዩን መጽሐፍ ለሕዝቡ አነበበ። ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ እሳት እየሞቀ ተቀምጦ ነበርና ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። አልደነገጠም፣ ልብሱንም አልቀደደም (ኤር. 36)። አያችሁ? ጾሙ ታውጇል፣ ሆዱ ከምግብ ተከልክሏል፣ ጆሮው ግን ተዘግቷል። እግዚአብሔር ግን ቃሉ በእሳት አይጠፋምና ኤርምያስ ሁሉን እንደገና ለባሮክ አጻፈው፤ ሌላም ብዙ ተጨመረበት።

ከዚያ ፍርዱ ደረሰ። ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር መጥቶ ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከእናቱ፣ ከመኳንንቱና ከጭፍራው ጋር ማረከ። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚነግረን ምርኮኞቹ 10,000 ነበሩ፤ አናጢና ብረት ሠሪ ሳይቀር ተወሰደ። ከተማው ውስጥ ከድሆች በቀር እምብዛም ሰው አልቀረም።

ምእመናን፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በኢየሩሳሌም የቀሩት ሰዎች ምን አሰቡ መሰላችሁ? የሄዱት የተረገሙ፣ እኛ የቀረነው የተመረጥን ነን አሉ። እግዚአብሔር ግን ለኤርምያስ በመቅደሱ ፊት ሁለት የበለስ ቅርጫት አሳየው (ኤር. 24)። በአንደኛው ቀድሞ የበሰለ እጅግ መልካም በለስ፣ በሌላው ከክፋቱ የተነሣ የማይበላ በለስ ነበር። መልካሞቹ እነማን ሆኑ? ተማርከው የሄዱት! ክፉዎቹስ? ቤታቸው ተቀምጠው በሄዱት ላይ ይፈርዱ ከነበሩት መካከል ንጉሥ ሴዴቅያስና አለቆቹ ነበሩ። የእግዚአብሔር ፍርድ እንዲህ ነው፤ እኛ በዓይናችን ከምናየው ይለያል። የተማረከው ሁሉ የተጣለ አይደለም፣ ቤቱ የቀረውም ሁሉ የጸደቀ አይደለም።

ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ተነሥቶ ምርኮው በሁለት ዓመት ያልቃል እያለ ሕዝቡን በውሸት ተስፋ ደለለ፤ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም የእንጨት ቀንበር ሰበረው። እርሱ ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። በዚያም አገር ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። የእርሷ ሰላም የእነርሱም ሰላም ነውና። ከ70 ዓመት በኋላ ግን እግዚአብሔር እንደሚጎበኛቸው ነገራቸው (ኤር. 29)።

በኢየሩሳሌም የቀሩት ግን ከዚህ ሁሉ አልተማሩም። ባቢሎናውያን ዳግመኛ ከተማዋን በከበቡ ጊዜ አለቆቹ ፈርተው ባሪያዎቻቸውን ነጻ ለመልቀቅ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ገቡ፤ ለቀቁም። ከበባው ትንሽ ጋብ ሲል ግን መልሰው ባሪያ አደረጓቸው (ኤር. 34)። በጭንቅ ቀን የገባነውን ስለት ጭንቁ ሲያልፍ የምንረሳ እኛስ ከእነርሱ በምን እንሻላለን?

ኤርምያስንም ከተማው እንደሚወድቅ ስለተናገረ ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አውርደው ጣሉት። በረሃብ ሊሞት ነበር። ያወጣው ማን ነው? ከወገኖቹ አንድም አልደፈረም። በቤተ መንግሥት የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው ንጉሡን ለምኖ፣ 30 ሰዎች ይዞ የሄደው። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው እንኳ አስቦ አሮጌ ጨርቅ አወረደለት (ኤር. 38)። ለባዕዱ ሰው እንዲህ ያለ ርኅራኄ! ስለዚህ እግዚአብሔር ከተማው ሲጠፋ የአቤሜሌክን ነፍስ እንደሚያድን ቃል ሰጠው። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ ደግሞ አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ ከዛፍ ሥር ጋደም እንዳለ 66 ዓመት እንደተኛ፣ ሲነቃም በቅርጫቱ ያለው በለስ ያኔ እንደተቀጠፈ ሆኖ እንዳገኘው ተጽፏል። መልካሙን በለስ እግዚአብሔር በምርኮው ዘመን ሁሉ እንዲህ ጠበቀው።

ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ተከባ፣ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ ኤርምያስ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ (ኤር. 32)። ውሉን ጽፎ፣ አትሞ፣ ምስክር አቁሞ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ ለባሮክ ሰጠው። ጠላት በሚወስደው አገር መሬት መግዛት ሞኝነት ይመስላል እኮ! እርሱ ግን በዚያ ምድር ቤትና እርሻ እንደገና እንደሚገዛ አምኖ ነው።

በ586 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም ወደቀች። የሴዴቅያስ ልጆች በፊቱ ተገደሉ፣ የእርሱም ዓይኖች ጠፉ፣ በሰንሰለትም ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። የጭፍራው አለቃ ናቡዘረዳን ኤርምያስን ወደ ባቢሎን መጥተህ በክብር ተቀመጥ ብሎ ለመነው፤ እርሱ ግን ከቀሩት ድሆች ጋር መኖርን መረጠ። ኋላም ያለ ፈቃዱ ወደ ግብፅ ወሰዱት። በዚያም ስለ ኃጢአታቸው መገሠጹን አልተወም። በትውፊት እንደምንቀበለው የገዛ ወገኖቹ በድንጋይ ወገሩት፤ መታሰቢያውም ግንቦት 5 ቀን ነው። ቃሉ ግን አልወደቀም። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ፣ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በ538 ገደማ፣ አይሁድ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምን ይላል? ክልላችን መፈናቀልን በሁለት ወገን ያውቃል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡ ብዙ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞን፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን ብዙ ወገን ሞቷል፣ እጅግ ብዙም ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። እነዚህን ሰዎች ስናይ አንዳንዶቻችን ኃጢአታቸው ነው፣ እርግማናቸው ነው ስንል እንሰማለን። ኤርምያስ ግን እንዲህ እንድንናገር አይፈቅድልንም። ፍርዱን ራሱ የተናገረ ነቢይ እንኳ በወደቁት ላይ አልሳቀም፣ ሰቆቃ ጻፈላቸው እንጂ። በቅርጫቱ ውስጥ የትኛው በለስ መልካም እንደሆነ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ እንደ አቤሜሌክ ጨርቅና ገመድ ይዞ መሄድ ነው።

ተፈናቅላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ አይዟችሁ። ስለ ኃጢአታችሁ ነው የሚላችሁን አትስሙ፤ የሄዱት ሁሉ ያልተጣሉ መሆናቸውን ከበለሱ ቅርጫት ተማሩ። ለጊዜው ባላችሁበት ቦታ ሥሩ፣ ትከሉ፣ ለጎረቤታችሁም ሰላም ጸልዩ፤ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ አማራው፣ ኦሮሞው ሰላም ካላገኘ እኛም አናገኝም። አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናት። ማንጎ የተከለ ሰው ፍሬውን በዚያው ዓመት አይበላም፤ ዓመታት ይጠብቃል፣ ጥላውን ግን መንገደኛው ሁሉ ያገኘዋል። እርሻ የገዛው ኤርምያስም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጾም ከሥጋና ከወተት ብቻ አንከልከል። የሠራልንን ሰው ዋጋ እንክፈል፣ መጻተኛውን አናንገላታ፣ በተፈናቀለው ላይ አፋችንን አንክፈት። ቃሉ ሲነበብ እንደ ኢዮአቄም እሳት እየሞቅን አንቀመጥ። ኤርምያስ ከሩቅ ያየው አዲስ ኪዳን በቤተ ልሔም ተወለደልን፤ ያን ልደት በንጹሕ ልብ እንድናከብር የነቢያት አምላክ ይርዳን። ለአገራችን ሰላም፣ ለተሰደዱት መመለሻ፣ ላዘኑት መጽናናት ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።