ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፉት ፕሬዚዳንት

የዛሬው ጽሑፌ በተለይ የሚመለከተው በቅርቡ የእንቅልፍ ምርመራ አድርገው ስሊፕ አፕኒያ አለብዎት የተባሉትን፣ ሲፓፕ የሚባለውን መሣሪያ ይዘው ቤት የገቡትን፣ ሁለት ሦስት ሌሊት ሞክረው ደግሞ ማስኩን አውልቀው ቁም ሣጥን ውስጥ የከተቱትን ነው። እርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትዎ። ሰውየው ከሞቱ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ችግራቸው ግን የእርስዎው ችግር ሳይሆን አይቀርም።

ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1857 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እስከ መሆን የደረሱ የሕግ ሰው ነበሩ፤ ልጅየውም ከዬል ኮሌጅ ከክፍላቸው ሁለተኛ ሆነው ተመረቁና የአባታቸውን መንገድ ተከተሉ። ዳኛ ሆኑ፣ ፊሊፒንስን አስተዳደሩ፣ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ የአሜሪካ 27ኛው ፕሬዚዳንት ሆነው ዋይት ሐውስ ገቡ። የልጅነት ምኞታቸው ግን ፕሬዚዳንትነት አልነበረም፤ ልባቸው ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር።

ሥልጣን ሲይዙ ክብደታቸው ከ150 ኪሎ ያልፍ ነበር። በዙሪያቸው ያሉትን ሰዎች ይበልጥ ያስጨንቃቸው የነበረው ግን እንቅልፋቸው ነው። ታፍት እንግዳ እያነጋገሩ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ይወድቃል። ካርታ ሲጫወቱ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከት እየተሰማ፣ ክፍት መኪና ውስጥ ሆነው ሳይቀር ያንቀላፋሉ። ወታደራዊ ረዳታቸው አርቺባልድ በት፣ ኋላ ታይታኒክ መርከብ ላይ ሕይወቱ ያለፈው መኮንን፣ ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የአለቃው እንቅልፍ ምን ያህል እንዳሳሰበው ደጋግሞ አንስቷል።

ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ሆዳም፣ ሰነፍ ይላል። ታፍት ግን ሰነፍ አልነበሩም። በአራት ዓመት ሥልጣናቸው ገበያውን ጠቅልለው በያዙ ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ የመሠረቱት ክስ፣ ከእሳቸው በፊት ሰባት ዓመት ተኩል የገዙት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከመሠረቱት ይበልጣል። ችግሩ ቀን ላይ አልነበረም፤ ሌሊቱ ላይ ነበር።

ጆን ሶቶስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የታፍትን ክብደት፣ ማንኮራፋት፣ የቀን እንቅልፍና ከፍተኛ የደም ግፊት አንድ ላይ አድርገው መርምረው፣ ሰውየው ስሊፕ አፕኒያ ነበረባቸው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። በእርግጥ ከሞተ ሰው ላይ የእንቅልፍ ምርመራ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ክሊኒክ ቢመጣ፣ ማንኛውም ሐኪም መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ስሊፕ አፕኒያ ማለት እንዲህ ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህ መላላት የአየር መተላለፊያውን ፈጽሞ ይዘጋዋል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አእምሮ ይደነግጣል፣ ሰውየው ለቅጽበት ይነቃል፣ በኃይል ተንፍሶም መልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሌሊት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ጠዋት ላይ እሱ ራሱ ምንም አያስታውስም፤ የሚያውቁት አጠገቡ የተኙት የትዳር ጓደኛው ናቸው። ስምንት ሰዓት የተኛ ይመስለዋል፣ ሰውነቱ ግን አላረፈም። ክብደት መጨመርና ወፍራም አንገት ያባብሱታል፤ ቀጫጭን ሰዎችንም ግን ይይዛል። ካልታከመ የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክና የመኪና አደጋ ያመጣል። ሹፌር ከሆኑ ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ታፍት ራሳቸውን ለማከም አልሞከሩም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905፣ ገና የጦር ሚኒስትር ሳሉ፣ ናትናኤል ዮርክ ዴቪስ ለተባሉ የለንደን ሐኪም ጻፉ። ሐኪሙ በደብዳቤ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚተዉ አዘዙላቸው፤ ታፍትም በየዕለቱ እየተመዘኑ ውጤቱን ይልኩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ25 ኪሎ በላይ ቀነሱ። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ መልሰው ጨመሩ፤ ዋይት ሐውስ ሲገቡ ከመጀመሪያውም በልጦ ነበር። ሥልጣን ከያዙ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ባለቤታቸው ኔሊ በስትሮክ ተመቱ። ታፍት አገር ከመምራቱ ጎን ለጎን ባለቤታቸውን እንደገና መናገር ያለማምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ምርጫ ሦስተኛ ወጥተው ተሸነፉ።

ሽንፈቱ ግን ጤናቸውን መለሰላቸው። ቤተ መንግሥቱን ከለቀቁ በኋላ ዬል ገብተው ሕግ ማስተማር ጀመሩ፣ ምግባቸውንም እንደገና አስተካከሉ። አንድ ዓመት ሳይሞላ 30 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። የደም ግፊታቸው ወረደ፣ የቀን እንቅልፋቸውም ለቀቃቸው። በዚያ ዘመን ለዚህ ሕመም ከዚህ ሌላ መድኃኒት አልነበረም፤ ሕመሙ ራሱ ስም አልነበረውም። በእንቅልፍ ውስጥ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ እንደሚቋረጥ በምርመራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሲፓፕ ደግሞ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ነው፤ ሠሪው ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም ናቸው።

እርስዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ይህንን ታፍት ያላገኙትን መሣሪያ ነው። ሲፓፕ ኦክስጅን አይደለም፤ የክፍሉን አየር በቱቦና በማስክ በኩል በመጠነኛ ግፊት እየነፋ ጉሮሮዎ እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። እንደ መነጽር ቁጠሩት፤ ፊት ላይ ካልዋለ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የሚከተሉትን ይሞክሩ።

መጀመሪያ ማስኩን በቀን ይለማመዱት። ቴሌቪዥን እያዩ ወይም ሬዲዮ እያዳመጡ፣ በመጀመሪያ ማስኩን ብቻ፣ ቀጥሎ መሣሪያውን ከፍተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያድርጉት። የመታፈን ስሜት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። አየሩ ሲበረታብዎ፣ ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ማስተካከያ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ስላለ እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ።

አየሩ ወደ ዓይንዎ የሚያፈተልክ ከሆነ ማሰሪያውን ከመጠን በላይ አያጥብቁት፤ ጥብቀቱ ቆዳን ያቆስላል እንጂ ፍሳሹን ሁልጊዜ አያቆምም። ጋደም ብለው መሣሪያውን ከከፈቱ በኋላ ማስኩን በፊትዎ ልክ ያስተካክሉት። ካልሆነ መጠኑ ወይም ዓይነቱ አልተስማማዎትም ማለት ነው፤ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ጠዋት አፍዎ ደርቆ የሚነቁ ከሆነ ሌሊት አፍዎን ከፍተው እየተኙ ይሆናል፤ አፍንጫና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ማስክ ይረዳዎታል። አፍንጫዎ ከታፈነ ከመተኛትዎ በፊት በጨው ውሃ ይጠቡት፣ ማርጠቢያ ያለው መሣሪያ ከሆነም ይጠቀሙበት። በማርጠቢያው ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ ያድርጉ፤ ለጊዜው ካጡ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ይጠቀሙና በየዕለቱ ይቀይሩት። ማስኩን በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ።

መብራት ቢጠፋስ? ማስኩ አየር የሚያስወጡ ቀዳዳዎች ስላሉት አይታፈኑም፤ ሲነቁ አውልቀው በጎንዎ ይተኙ፣ መብራቱ ሲመጣ መልሰው ያድርጉት። በተለይ በዚህ ወቅት አልኮልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒን ጉሮሮን ይበልጥ ስለሚያላሉ ይራቋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርዎ። ዘመድ ከውጭ የላከውን ወይም ጎረቤት የተጠቀመበትን መሣሪያ እንዲሁ ተቀብለው አይጀምሩ። የሚያስፈልገው ግፊት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልኩ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ክብደት መቀነስ እንደ ታፍት ብዙ ይጠቅምዎታል፣ ሆኖም ኪሎዎ ወረደ ብለው መሣሪያውን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። መቆም ያለመቆሙን ሐኪምዎ በድጋሚ ምርመራ ይወስን።

ታፍት የልጅነት ምኞታቸው ተሳክቶላቸው እ.ኤ.አ. በ1921 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆኑ። በአሜሪካ ታሪክ ሁለቱንም ሥልጣን የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ከቤታቸው እስከ ሥራ ቦታቸው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በየቀኑ ማለት ይቻላል በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በስምንት ዓመት ተኩል ውስጥ 250 ያህል የፍርድ ሐተታዎችን ጻፉ። ያ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ሲነቃ ይህን ያህል መሥራት ይችል ነበር። ልባቸው ግን ተጎድቶ ነበር፤ ለዓመታት የቆየ ከፍተኛ የደም ግፊት ክብደት ቢቀንሱም ምልክቱን ሳይተው አይሄድም። የልብ ምታቸው ተዛባ፣ ጤናቸውም እያደር ደከመ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1930 ሥራቸውን ለቀቁ፣ በተከታዩ ወር በ72 ዓመታቸው በልብ ሕመም አረፉ።

ውድ አንባቢ፣ ታፍት የመጀመሪያው ሙከራቸው ሳይጸና ቀርቶ በሁለተኛው ተሳክቶላቸዋል። እርስዎም የመጀመሪያው ሳምንት ቢያሸንፍዎ አይፈሩ። ዛሬ ማታ ማስኩን ከቁም ሣጥኑ ያውጡት። አንድ ሰዓት ብቻ ከቻሉ አንድ ሰዓት ያድርጉት፤ ነገ ይጨምሩበት። ዓላማው በተኙበት ሰዓት ሁሉ ማድረግ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተስማማዎት መሣሪያውን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። መልካም እንቅልፍ!