ልቡን በየጧቱ ያዘጋጅ የነበረ ንጉሥ

ማርቆስ አውሬልዮስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ121 ዓ.ም. በሮም ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተበት በአያቱ ቤት አደገ፤ በኋላም በ138 ዓ.ም. ለዙፋኑ የታጨው አንቶኒኖስ ልጁ አደረገው። በወጣትነቱ ሩስቲኮስ የሚባል መምህሩ የፈላስፋውን የኤጲቅጤጦስን ትምህርት ሰጠው። ኤጲቅጤጦስ አስቀድሞ ባሪያ ነበረ፤ የቄሣር ልጅ ግን ባሪያ ከነበረ ሰው መማርን አላፈረበትም።

በ161 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ዕረፍት አላገኘም። ከምሥራቅ ዘመቻ የተመለሰው ሠራዊት ቸነፈር ይዞ ገባ፤ በሰሜንም የጀርመን ነገዶች የዳኑብን ወንዝ ተሻግረው አገሩን ወጉ። ከወለዳቸውም 13 ከማያንሱ ልጆች የሚበዙትን በሕይወቱ ሳለ ቀበረ። እንዲህ ያለ መከራ የከበበው ሰው ልቡ ወዳለፈው ቢመለስ በሐዘን፥ ወደሚመጣው ቢሮጥ በፍርሃት ይጠፋ ነበር።

እርሱ ግን በጦር ሰፈር እንኳ ሳለ ራሱን መመርመርን ልማድ አደረገ። በማለዳ፥ በዚያ ቀን ትዕቢተኛና ውለታ ቢስ ሰው እንደሚገናኘው አስቀድሞ እያሰበ፥ እንዳይጠላው ልቡን ያዘጋጅ ነበር። ያለፈው እንደማይመለስ፥ የሚመጣውም ገና በእጅ እንዳልገባ፥ ለሰው ያለው የአሁኑ ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ በጽርእ ቋንቋ ለገዛ ራሱ ደጋግሞ ይጽፍ ነበር።

ይህ ልማድ በ175 ዓ.ም. ተፈተነ። የታመነው የጦር አለቃ አዊድዮስ ካስዮስ በምሥራቅ ሆኖ፥ ንጉሠ ነገሥት እኔ ነኝ ብሎ ዐመፀ። ጥቂት ወራት ቈይቶ የገዛ ሰዎቹ ገደሉት፤ የተቈረጠውንም ራስ ለቄሣር ላኩለት። ቄሣር ግን ለማየት እንቢ ብሎ እንዲቀበር አዘዘ፤ ምሕረት ሊያደርግለት ባለመቻሉም አዘነ።

በ180 ዓ.ም. በዘመቻ ላይ ሳለ ሞተ። ለራሱ የጻፈው መጽሐፍ በ1559 ዓ.ም. በዙሪክ ታትሞ፥ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይነበባል።

እንግዲህ ታሪኩን የሚያነብ ሁሉ ይህን ያስተውል፤ በሰላሙ ቀን ልቡን ያላስለመደ ሰው በፈተናው ቀን ትዕግሥትን ከየትም አያገኛትም። ሠራዊትን የሚያዝ ንጉሥ በየጧቱ ልቡን የሚያዝበት ጊዜ ካገኘ፥ ሥራ በዛብኝ ብሎ ማመካኘት ለማን ይገባል?