ጄ. አር. ዲ. ታታና ኤር ኢንዲያ

ጄ. አር. ዲ. ታታ በአውሮጳ ዘመን አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። በ1929 በሕንድ የመጀመሪያውን የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበሉ። በኦክቶበር 15 ቀን 1932 ባለአንድ ሞተር አይሮፕላን ራሳቸው እያበረሩ ፖስታ ከካራቺ በአሕመዳባድ በኩል ወደ ቦምቤይ አደረሱ። በኋላ ኤር ኢንዲያ የተባለው ድርጅት መነሻው ይኸው በረራ ነው። በ1948 የቦምቤይና የለንደን መሥመር ተከፈተ። በ1953 መንግሥት ድርጅቱን ሲወርስ ታታ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ይሁን እንጂ ቅሬታቸውን ዋጥ አድርገው እስከ 1978 ድረስ በሊቀ መንበርነት መሩት። የመስተንግዶውን ጥቃቅን ጉዳይ ሳይቀር ይቆጣጠሩ ነበር። በ1993 በጄኔቫ ዐረፉ። ድርጅቱ ወደ ታታ ኩባንያ የተመለሰው በ2022 በመሆኑ፥ ይህን ለማየት አልታደሉም። ለሙያ ባልደረቦች የተዉት ምሳሌ ግን ከእጃቸው የወጣውን ሥራ እንደ ባለቤት መጠበቃቸው ነው።