ወይዘሮ ክሊኮ

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ጠጅ የምትጥል ባለሙያ ጠጁ ከአተላው እስኪጠራ ድረስ ትደክማለች። በፈረንሳይ አገርም አንዲት እመቤት በዚሁ ችግር ተፈትነው ነበር።

ወይዘሮ ባርብ ኒኮል ክሊኮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1777 ዓ.ም. በሬምስ ከተማ ተወለዱ። በ1805 ባላቸው ሲሞቱ፣ የባላቸው አባት የወይን ጠጅ ንግዱን ሊዘጉት አሰቡ፤ የ27 ዓመቷ መበለት ግን አማታቸውን አሳምነው ሥራውን ቀጠሉ።

ሻምፓኝ አረፋ የሚያበጀው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሲፈላ ነው፤ እንደ ጠጅ ቢያጠሉት አረፋው ይጠፋል። ስለዚህ በ1816 ገደማ ቀዳዳ ያለው ጠረጴዛ አሠርተው፣ ጠርሙሶቹን በአፋቸው ደፍተው በየጊዜው በማዟዟር አተላው በአንገታቸው ተጠራቅሞ እንዲወጣ አደረጉ።

በ1866 በ88 ዓመታቸው አረፉ። ድርጅታቸውም ወይኑ ባማረባቸው ዓመታት ብቻ የሚያዘጋጀውን ምርጥ ሻምፓኝ ለመታሰቢያቸው ላ ግራንድ ዳም፣ ማለትም ታላቋ እመቤት ብሎ ሰየመው።