ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ፦ ከደርግ መሥራችነት እስከ «አብዮታዊ እርምጃ»

በአዲስ አበባ ልደታ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳል። ደርግን ከመሠረቱት አንዱ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ግን ለሞት የተሰጡት በፍርድ ቤት ቀርበው ሳይከራከሩ ነው።

የጎጃም ተወላጁ አጥናፉ አብዮቱ ሲፈነዳ በሻለቃ ማዕረግ የ4ኛ ክፍለ ጦር መኮንን ነበሩ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም ከጦር ኃይሎች፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተወከሉ ከ100 በላይ አባላት በክፍለ ጦሩ መምሪያ ተሰብስበው ደርግን ሲያቋቁሙ፣ ጉባኤውን በማስተባበር ግንባር ቀደም ነበሩ። የመሪነቱ ወንበር ግን ከሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር ተወክለው ለመጡት ለሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሆነ፤ አጥናፉ ምክትል ሆኑ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት ሶሻሊዝም ታወጀ፤ የካቲት 25 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ጭሰኝነትን አስቀረ። ገበሬው የመሬቱ ተጠቃሚ በሆነበት በዚያው ወቅት፣ በሥልጣኑ ማማ ላይ ግን ጓድ ጓዱን ይበላ ጀመር። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ተገደሉ። ተተኪያቸው ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር ተረሸኑ።

አጥናፉ ከዚያ ቀን ተርፈው የመንግሥቱ ምክትል ሆኑ። ከየገጠሩ የተውጣጣው የገበሬ ሚሊሺያ እንዲደራጅም በኃላፊነት ሠሩ። ሠራዊቱ የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ወደ ምሥራቅ በዘመተበት ጊዜ እርሳቸው የደርግ ሁለተኛ ሰው ነበሩ።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም ተገደሉ። መንግሥት ካቀረበባቸው ክሶች መካከል የአገርን ጥቅም ከሶሻሊዝም ርእዮተ ዓለም አስቀድመዋል፣ ቅይጥ ኢኮኖሚን ደግፈዋል የሚሉት ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ በደርግ ውስጥ መንግሥቱን የሚገዳደር ሰው አልቀረም።

ታሪክ ግን ፍርዱን ገለበጠው። የካቲት 1982 ዓ.ም የመንግሥቱ አስተዳደር ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጀ፤ አጥናፉን ያስገደለው ሐሳብ ከ12 ዓመት በኋላ የመንግሥት መመሪያ ሆነ። ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶም፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው።

አጥናፉ በሺዎች ላይ ያለ ፍርድ በትሩን ያሳረፈው ሥርዓት አካል ነበሩ፤ በመጨረሻም ያው በትር በራሳቸው ላይ አረፈ። ሕይወታቸው የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ሕግ የሌለበት ሥልጣን ጠላቱን ሲጨርስ ወደ ወዳጁ ይዞራል።